ኮከቡ ሲሄድ ምን ይመጣል? ከዳላስና ከሀዋሳ የታዘብኩት

ጥሩ የቅርጫት ኳስ ቡድን ኮከብ ተጫዋቹን ለሌላ ቡድን አሳልፎ መስጠት ይገባዋል ወይ የሚለው ጥያቄ በምኖርባት በዳላስ ከተማ ከሥራ ቦታ እስከ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰውን ሲያከራክር ከርሟል። ተወልጄ ባደግሁባት ሀዋሳ ቅርጫት ኳስን ከሚከታተለው ይልቅ የከተማዋን የእግር ኳስ ክለብ ሀዋሳ ከነማን የሚከታተለው ስለሚበዛ፣ ጥያቄው የሚነሳው በእግር ኳስ በኩል ነው። እኔ ኮከብን መለወጥን በጅምላ አልቃወምም። የምመዝነው በምላሹ የመጣውን፣ ተጫዋቹ የነበረበትን ዕድሜና ቡድኑ ከእርሱ ጋር ገና ሊደርስበት ይችል የነበረውን ደረጃ ነው። በዚህ ሚዛን ዳላስ ከባድ ስህተት ሠርታለች። የሀዋሳው አካሄድ ግን ከዳላስም የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዳላስ ቢያንስ በእጇ የገባ ነገር ነበር።

ጉዳዩን በቅርብ ላልተከታተለ አንባቢ ባጭሩ ላስታውስ። ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የዳላስ ማቨሪክስ ክለብ ስሎቬንያዊውን ሉካ ዶንቺችን ከሁለት የቡድን ጓደኞቹ ጋር አሳልፎ ሰጥቶ፣ ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ አንቶኒ ዴቪስን፣ ወጣቱን ማክስ ክሪስቲንና እ.ኤ.አ. በ2029 በመጀመሪያው ዙር አዲስ ተጫዋች የመምረጥ ዕድልን ተቀበለ። ሉካ የ25 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከስምንት ወር በፊትም ቡድኑን ለፍጻሜ አድርሶ ነበር። ዴቪስ ደግሞ 32ኛ ዓመቱን ሊይዝ የተቃረበ፣ ጉዳት በተደጋጋሚ ከሜዳ ያራቀው ተጫዋች ነው። ዜናው ሲወጣ በዳላስ ከምሽቱ 5 ሰዓት አልፎ ነበር፤ በሀዋሳ ግን እሑድ ጠዋት ስለነበረ የእህቴ ልጅ ከእኔ ቀድሞ ሰምቶ «ጋሼ፣ ሉካን ለሌከርስ ሰጡት እኮ!» ብሎ ደወለልኝ። በአሜሪካም ብዙ ሰው ዜናውን ያወጣው ጋዜጠኛ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ተጠልፎ ነው ብሎ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ የታየው ቁጣ የስፖርት ሱሰኞች ጩኸት ብቻ አልነበረም። ደጋፊዎች ከአዳራሹ ደጃፍ፣ ከዲርክ ኖቪትስኪ ሐውልት አጠገብ የሬሳ ሣጥን አምጥተው አስቀመጡ። ኖቪትስኪ 21 የውድድር ዘመን ሙሉ ለዳላስ ብቻ የተጫወተ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የክለቡን የመጀመሪያ ዋንጫ ያመጣ ጀርመናዊ ነው። ኮከብ መጥቶ እዚያው እንደሚያረጅ በዓይኑ ያየ ሕዝብ፣ ተከታዩን ኮከብ በአንድ ሌሊት ሲነጠቅ የሚሰማውን ሐዘን ማቃለል አይገባም።

የክለቡ ኃላፊዎች ምክንያት አልነበራቸውም አልልም። ሉካ በመከላከል በኩል ደካማ ነው፣ ሰውነቱን በሚገባ አይጠብቅም፣ በዚያው ክረምትም ለአምስት ዓመት ወደ 345 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ውል ሊጠይቅ ይችላል የሚል ስጋት ነበራቸው። እነዚህ ሊናቁ የሚገባቸው ስጋቶች አይደሉም። ይቅር ልላቸው ያልቻልኩት፣ ነገሩን በምስጢር ይዘው ከአንድ ክለብ ጋር ብቻ መነጋገራቸውን ነው። በሬውን የሚሸጥ ገበሬ እንኳ ገበያ አውጥቶ ዋጋ ሳይሰማ አይሸጥም። ዴቪስ ለዳላስ በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ ተጎዳ፤ በመጋቢት ወር መጀመሪያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሌላው የቡድኑ ኮከብ የካይሪ ኢርቪንግ የጉልበት ጅማት ተበጠሰ፤ ቡድኑም 39 አሸንፎ 43 ተሸንፎ ከዋናው ጥሎ ማለፍ ውጭ ቀረ። በቀጣዩ ኅዳር ዋና ሥራ አስኪያጁ ተሰናበቱ። እርግጥ ነው፣ ክለቡ 1.8 በመቶ ብቻ ዕድል ይዞ በገባበት የአዲስ ተጫዋቾች መምረጫ ዕጣ አንደኛ ወጥቶ ኩፐር ፍላግ የተባለውን ወጣት አግኝቷል፤ ይህን ይዘው «መጨረሻው አማረ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ግን አልስማማም። ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ሌሊት በታወቀው ነገር ነው፤ ያን ሌሊት ደግሞ ስለዚያ ዕጣ የሚያውቅ አልነበረም።

ኮከብን መለወጥ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ቶሮንቶ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ቶሮንቶ ራፕተርስ 59 ጨዋታ ያሸነፈ ጥሩ ቡድን ነበር፤ ሆኖም ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት በክሊቭላንድ ተሸንፎ ወጣ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱንም ጊዜ አንድ እንኳ ሳያሸንፍ 4 ለ 0። ናይጄሪያዊው የክለቡ ፕሬዚዳንት ማሳይ ኡጂሪ ለዘጠኝ ዓመት ከተማዋን ወድዶ የተጫወተውን ዴማር ዴሮዛንን ለሳን አንቶኒዮ ሰጥተው ካዋይ ሌናርድን ተቀበሉ። ካዋይ በጉዳት ምክንያት ባለፈው የውድድር ዘመን ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ የተሰለፈ፣ በውሉም አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ስለነበር ነገሩ ትልቅ ድፍረት ነበር። በ2019 ዋንጫው ቶሮንቶ ገባ፤ ካዋይም በወሩ ሄደ። ያ ቡድን ከዴሮዛን ጋር እስከ የት እንደሚደርስ ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ታይቷል፤ የሉካ ዳላስ ግን ፍጻሜ የደረሰችው ገና አንድ ጊዜ ነበር። ልዩነቱን የማየው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የቦስተን ታሪክ ነው። ቦስተን ሴልቲክስ እ.ኤ.አ. በ2013 ለ15 ዓመት የተጫወተለትን ፖል ፒርስንና የ37 ዓመቱን ኬቨን ጋርኔትን ለብሩክሊን ሰጥቶ ከተቀበላቸው ነገሮች ዋነኞቹ ወደፊት ወጣቶችን የመምረጥ ዕድሎች ነበሩ። በዚያ መንገድ በ2016 ጄይለን ብራውን፣ በ2017 ጄይሰን ቴተም መጡ። እነዚህ ሁለት ልጆች በ2024ቱ ፍጻሜ 4 ለ 1 ያሸነፉት የሉካን ዳላስ ነው። የደከሙ ኮከቦችን በጊዜያቸው ሸኝቶ በወጣት የተካው ክለብ ዋንጫውን ሲወስድ የተመለከቱት የዳላስ ኃላፊዎች፣ በስምንት ወር ውስጥ ወጣቱን ሰጥተው በዕድሜ የገፋውን መቀበላቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ወደ ሀዋሳ ልመለስ። በአሜሪካ ተጫዋቹ አይጠየቅም፤ ዝውውርን የመከልከል መብት በውላቸው የያዙት በጣም ጥቂቶች ናቸው። ዴሮዛን እንደማይሸጥ ተነግሮኝ ነበር ብሎ ማዘኑንና ኡጂሪም በአደባባይ ይቅርታ መጠየቃቸውን አስታውሳለሁ። በእኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ውሉ በአብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ስለሆነ ተጫዋቹ ጊዜው ሲያበቃ መልቀቂያውን ይዞ የፊርማ ገንዘብ ወደሚከፍለው ክለብ ይሄዳል፤ ለልጁ መልካም ነው፤ ያሳደገው ክለብ ግን ባዶ እጁን ይቀራል። በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን የነበረው ሀዋሳ ከነማ ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ አልደገመም። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በ2005 ዓ.ም. በዛምቢያ ላይ ግብ ያስቆጠረው አዳነ ግርማ የሀዋሳ ልጅ ነው፤ ሽመልስ በቀለም እንዲሁ። ሁለቱም ያኔ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋቾች ነበሩ። በመሄዳቸው አልከፋም፤ ማደግ ነበረባቸው።

ባለፈው ወደ ሀገር ቤት በመጣሁ ጊዜ በታቦር ተራራ ሥር ባለ አቧራማ ሜዳ ታዳጊዎችን የሚያሠለጥን ጎልማሳ አግኝቼ አንድ ማለዳ አብሬው አሳለፍኩ። ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ ደብተር አለው፤ በማስመሪያ በተሰመሩ ዓምዶች የልጁን ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ ወደ ሜዳው የመጣበትን ወርና በመጨረሻ የሄደበትን ክለብ በጥንቃቄ ጽፎበታል። የመጨረሻው ዓምድ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ አርባ ምንጭ፣ ድሬዳዋ እያለ ይወርዳል። የተከፈለው ገንዘብ የት እንደተጻፈ ስጠይቀው ደብተሩን ወደ እኔ አዙሮ «ማን ከፍሎ ያውቃል፣ ወንድሜ?» አለኝ።

ከፋይ ሊኖር የሚችልበት ሕግ ግን አለ። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በገንዘብ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ከዝውውሩ ክፍያ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ድርሻውን ለመጠየቅ ልጁ በእነዚያ ዓመታት በክለብ ስም በፌዴሬሽን ተመዝግቦ መገኘት አለበት፤ በአሠልጣኙ ደብተር ያለ ስም፣ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢጻፍ፣ አይቆጠርም። ስለዚህ ከነማ ከተማዋ ውስጥ ካሉት እንዲህ ካሉ ሜዳዎች ጋር ስምምነት አድርጎ ታዳጊዎቹን በጊዜ ቢያስመዘግብ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን አንድ ሥራውን የሚያውቅ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው።

በአገር ውስጥ ዝውውርም ቢሆን ክለቡ ከአሜሪካኖቹ ሊወስደው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ኮከቡ ውሉ አንድ ዓመት ሲቀረው መወሰን። ወይ ውሉን ማደስ፣ ወይም ገና ዋጋ እያለው ከትልቁ ክለብ ጋር ተቀምጦ ገንዘብና ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚውሉ ሁለት ወጣቶችን በምላሹ መጠየቅ፤ ከዚያም ምን እንደተገኘ ለደጋፊው በግልጽ መንገር። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው «ረጅም ውል ልጁን አስሮ ያስቀረዋል፤ የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው» ሲል ተቃወመኝ፤ ስጋቱ እውነት አለው። ለዚህም ነው ተጫዋቹ ሳይጠየቅ የሚሸጥበትን የአሜሪካ ደንብ የማልመኘው፤ ከዝውውሩ ገንዘብ የልጁ ድርሻ አስቀድሞ በውሉ ቢጻፍና ያለ ፈቃዱ ባይነካ ሁለቱም ይጠቀማሉ። በዚያ ደብተር ላይ ስሙን ያየሁት አንድ የ17 ዓመት ግራኝ የክንፍ ተጫዋች ዘንድሮ ሁለት የአዲስ አበባ ክለቦች እየጠየቁት እንደሆነ አሠልጣኙ ነግሮኛል። ልጁ እስካሁን በየትኛውም ክለብ ስም አልተመዘገበም፤ ከነማ ከእርሱና ከወላጆቹ ጋር የሚቀመጥ ከሆነ የዝውውር መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት መሆን አለበት።