እርማት፦ ያልተነሳ ፋን ሁሉ ሞተሩ ተቃጥሎ አይደለም

ወንድሜ፣ «የሕንፃው አየር አስገቢ ፋን አልነሳ ካለ ሞተሩ ተቃጥሏል፤ አውርዶ መቀየር ነው» ያልከው ብዙ ሰው የሚያምንበት ስህተት ነው። እባክህ፣ መፍቻ ከማንሳትህ በፊት ኮንታክተሩን (ለሞተሩ ኃይል የሚያገናኘውን በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ) እይ።

ኮንታክተሩ ካልሳበ፣ ማለትም ካልገጠመ፣ ሞተሩ ኃይል አልደረሰውም ማለት ነው፤ ታዲያ በምን ይፈረድበታል? የመቆጣጠሪያው መስመር ኮይሉ (ኮንታክተሩን የሚስበው የሽቦ ጥቅል) ጋ እስኪደርስ በብዙ መከላከያዎች ውስጥ ያልፋል፦ የጭስ ጠቋሚ፣ የቅዝቃዜ መከላከያ ቴርሞስታት፣ የበር ስዊች፣ ዳምፐሩ (የአየር መግቢያው መዝጊያ) መከፈቱን የሚያረጋግጥ ስዊች፣ ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከመጠን በላይ ከረንት ሲስብ የሚያቋርጠው)። እንደየማሽኑ ይለያያል፤ ግን በተከታታይ ስለሚታሰሩ አንዱ መስመሩን ካቋረጠ ጤነኛው ሞተር ዝም ይላል። በመልቲሜትር ከመነሻው ጀምረህ ነጥብ በነጥብ ለካ። ቮልቴጁ የጠፋበት ቦታ ላይ ያለው መከላከያ ነው መስመሩን የያዘው። እሱንም ቀጥታ አገናኝተህ አትለፈው፤ የጭስ ጠቋሚ ፋኑን የሚያቆመው ጭስ በየክፍሉ እንዳይበተን ነው።

ኮንታክተሩ ስቦ ሞተሩ እያጉረመረመ ካልዞረ ቶሎ አጥፋና 3ቱንም ፌዝ (ለሞተሩ ኃይል የሚያመጡትን መስመሮች) ፈትሽ፤ አንዱ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እየዞረ አየር ከሌለ ደግሞ ፋኑን የሚያዞረው ቺንጊያ ተበጥሶ እንደሆነ ተመልከት።

ሞተሩን የምትጠረጥረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኃይሉን አጥፍተህ ቆልፍ፣ ገመዶቹን ንቀል፣ በሞተሩ 3 ጫፎች መካከል ያለውን ሬዚስታንስ አወዳድር፤ ተቀራራቢ መሆን አለበት። በ500 ቮልት የኢንሱሌሽን መለኪያ ከጫፎቹ ወደ ሞተሩ ብረት አካል ስትለካ ከ1 ሜጋኦም በታች ካሳየ፣ ያኔ ጥርጣሬህ ልክ ነው።