ባዶው በርሜል ነው የሚያስፈራው
ቤንዚንና መሰል ተቀጣጣይ ፈሳሾችን ስለማስቀመጥ የወጣው ጽሑፍ «ከእሳት ማራቅ በቂ ነው» በሚለው አልስማማም። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ከላዩ የሚነሳው ትነት ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ራቅ ያለ ቦታ ላይ ብልጭታ ካገኘ ነበልባሉ ተከትሎት እስከ ዕቃው ድረስ ይመለሳል። ቅዝቃዜም ዋስትና አይሆንም፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ከላይ በአስተያየትህ «ባዶ በርሜል ምን ያመጣል?» ያልከው ወንድሜ፣ እባክህ እንደገና አስብበት። ሙሉ በርሜል ውስጥ ለትነትና ለአየር የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። ባዶ የምንለውን ግን ታች የቀረችው ጠብታ ተንና ከአየር ጋር ተደባልቃ ሞልታዋለች። በደንብ ሳይጸዳ ብየዳ ወይም መቁረጫ ሲነካው ይፈነዳል። ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው! እኔ ቀለምና ቲነር (የቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) በብዛት ያለበት ቦታ ነው የምሠራው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ፈሳሹን ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ መገልበጡ ነው። ፈሳሹ ሲወርድ ስታቲክ ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ተጠራቅሞ ብልጭታ ሊያስነሳ የሚችል ኤሌክትሪክ፣ ይፈጥራል፤ ስለዚህ ሁለቱን የብረት ዕቃዎች በሽቦ ማያያዝና ከመሬት ጋር ማገናኘት የግድ ነው። ጽሑፉ ይህን አንድም ቦታ አላነሳም። ቲነር በውሃ ፕላስቲክ ማስቀመጥ ደግሞ ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ የጠማው ሰው ሳያይ ይጠጣዋል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅም ተከምሮ ከቆየ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል። ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አስቀምጡት፣ በየቀኑም አስወግዱት።