ለአንድ ፎቶ ኮፒ ሺህ ኪሎ ሜትር

የዩኒቨርሲቲ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ በአዲስ ዘመን ቢወጣም፣ በቴሌግራም ቢለጠፍም ግርጌው ብዙ ጊዜ አይለወጥም። ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ በ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ፣ ዋናውን ማስረጃና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ በአካል ተመዝገቡ ይላል።

ስለ መምህራን ደመወዝ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚያናድደኝ ከደመወዙ በፊት ያለው ነው። ማመልከቱ ራሱ።

ባሕር ዳር የምትኖር ማስተርስ ያላት ልጅ ጅግጅጋ ላይ የሌክቸረር ቦታ አየች እንበል። በመኪና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያውም መንገዱ ሰላም ከሆነ። ደረሰች። መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ ከግል ድርጅት ያመጣችውን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያያል። «የሥራ ግብር መከፈሉን አይገልጽም» ብሎ ይመልስላታል። አለቀ። ደብዳቤው ቢሟላ እንኳ ያን ዕለት አትፈተንም። አመልካቾች እስኪጣሩ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከዚያ ለጽሑፍ ፈተና፣ ለማስተማር ሙከራና ለቃለ መጠይቅ እንደገና ትጠራለች። የትራንስፖርቱ፣ የአልጋው፣ የምግቡ ወጪ ሥራ ለሌለው ሰው ከየት ይመጣል? ሥራ ያለውስ ለአለቃው ምን ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል?

አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባ ባለው ቢሯቸውም ይመዘግባሉ። ደግ ነው። ሰቆጣ ላለው ሰው ግን እሱም ሩቅ ነው።

ስለዚህ የሚያመለክተው ማነው? እዚያው ከተማ ያለ፣ ወይም ግቢው ውስጥ የሚያውቀው ሰው ያለው። ከዚያ «ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሰፈር ሆኑ» ብለን እናማርራለን። አድልዎ የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ቀጣሪው ኮሚቴ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን መምረጥ የሚችለው ከመጣለት ሰው ነው። ለጥበቃና ለጽዳት ሥራ የአካባቢው ሰው ቢቀጠር ተፈጥሯዊ ነው። ለኦዲተር፣ ለላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ ለመምህር ግን በፌዴራል በጀት የሚተዳደር ተቋም ከመላው አገር መምረጥ ነበረበት።

«ፎርጅድ በዝቷል፣ ዋናውን ማየት አለብን» የሚል መልስ ይሰጣል። መብዛቱ እውነት ነው። ግን ዋናውን ከኮፒው ጋር ማስተያየት ፎርጅድን አያጋልጥም። ፎርጅድ ዲግሪ ኮፒ ቢደረግ ያው ራሱን ነው የሚመስለው። እውነቱ የሚወጣው ማስረጃውን የሰጠው ተቋም ሲጠየቅ ነው። ይህ ደግሞ ፈተናውን ያለፈው አመልካች ላይ ብቻ ቢደረግ በቂ ነው።

አቅም የለንም እንዳይባል፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና በመላ አገሪቱ በኮምፒውተር ይሰጣል። አዲስ ተማሪዎችም ምደባቸውን የሚያዩት በኢንተርኔት ነው። ይህን የቻለ ሥርዓት የጥቂት መቶ አመልካቾችን ፒዲኤፍ በኢሜይል መቀበል ያቅተዋል?

የግል ኮሌጅ ተማሪዎች የመውጫ ፈተናውን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እየገቡ ይፈተናሉ። ለጅግጅጋ ያመለከተችውም ልጅ የጽሑፍ ፈተናውን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ብትወስድ ምን ይጎድላል? በአካል መቅረብ ያለባቸው ለማስተማር ሙከራ የደረሱት ሦስት ወይም አራት ሰዎች ናቸው። ለእነሱም የእንግዳ ማረፊያ ያለው ዩኒቨርሲቲ አንድ ሌሊት ቢያሳድራቸው አይከብደውም።