ዩካጊሮች በዙ፣ ዩካጊርኛ ተናጋሪው ግን አለቀ

የዩካጊሮች ነገር ግራ ያጋባል። በሩሲያ ሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ፣ በኮሊማ ወንዝ ተፋሰስ የሚኖሩ አዳኞች፣ ዓሣ አጥማጆችና አጋዘን አርቢዎች ናቸው። በ1926 እ.ኤ.አ. ሲቆጠሩ 443 ነበሩ። በ2010 ቆጠራ 1,603 ደረሱ። ቋንቋቸውን አቀላጥፈው የሚናገሩት ግን ጥቂት አዛውንቶች ናቸው።

ቋንቋቸው ስል ሁለት ነው። የታንድራው (ዛፍ የማይበቅልበት ቀዝቃዛ ሜዳ) እና የጫካው ዩካጊርኛ ዝምድና ቢኖራቸውም ተናጋሪዎቻቸው አይግባቡም።

“ትንሽ ሕዝብ ነው፣ ትልልቆቹ ቋንቋዎች ዋጡት” የሚለው ማብራሪያ ለእኔ አይዋጥልኝም። እርግጥ ፈንጣጣና ለሩሲያ ንጉሥ (ዛር) በአውሬ ጸጉራም ቆዳ የሚከፈለው ግብር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡን አመናምነውታል። ከዚያም በኋላ ግን የታንድራ ሽማግሌዎች ከራሳቸው ሌላ ኤቨንኛ፣ ሳኻኛ፣ ቹክችኛና ሩሲያኛ ይናገሩ ነበር። ጎረቤቱን በቋንቋው ማነጋገር እዚያ የተለመደ ነው። የሰው ቋንቋ መቻል የራስን አያስረሳም።

ክሩን የበጠሰው የሶቪየት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ባይ ነኝ። አያት ከመንጋው ጋር ታንድራ ላይ፣ ልጅ አብዛኛውን ዓመት ሩሲያኛ በሚነገርበት ማደሪያ። በዚህ ላይ ከዩካጊሮች የወጣው የመጀመሪያው ጸሐፊና ምሁር ቴኪ ኦዱሎክ በ1938 በስታሊን ሽብር ተገደለ። ዛሬ የኔሌምኖዬ መንደር ትምህርት ቤት በስሙ ይጠራል።

ኢንተርኔት ላይ ዩካጊር ሲነሣ በብዛት የሚወራው ልጃገረዶች በበርች ዛፍ ቅርፊት ላይ በቢላ ይቀርጹት ስለነበረው የፍቅር ሥዕል ነው። በግዞት ወደዚያ የተላከው ተመራማሪ ዮኬልሰን ጽፎልናል። ደስ ይላል! ግን ሥዕሉን የሚያደንቀው ሁሉ አንድ ነገር ይዘነጋል፦ ያ ጨዋታ ክፍል ውስጥ የተማሩት አልነበረም። ወጣቶች ሲሰባሰቡ፣ ዙሪያውን ከብበው ትርጉሙን እየገመቱ የሚሳሳቁበት ነበር።

የቋንቋ ሊቁና ገጣሚው ጋቭሪል ኩሪሎቭ በሲሪሊክ (ሩሲያኛ በሚጻፍበት) ፊደል ለታንድራው ዩካጊርኛ አጻጻፍ አበጅቷል፣ መማሪያም አዘጋጅቷል። ትልቅ ሥራ ነው። ታዲያ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ብቻ ልጅን ተናጋሪ አያደርግም። እኔ ብሆን ለቋንቋው የሚወጣውን ገንዘብ መጀመሪያ የማውለው ለአዛውንቶቹ ደመወዝ ነው። ዲፕሎማ አይጠየቁ። በጋ ላይ ልጆቹን ይዘው ዓሣ ማጥመጃው ይውረዱ፤ መረብ ሲጥሉም፣ ሲቆጡም፣ ሲቀልዱም በዩካጊርኛ ይሁን። ይህን ማድረግ የሚቻለው ደግሞ እነሱ በሕይወት እያሉ ብቻ ነው።