ክርክር፦ ኤፍኢ 35 ፈርጉሰን የሚባለውን የድሮ ትራክተር ቀይ መቀባት እድሳት ነው?

አይደለም ባይ፦
እኛ አገር ማሲ ፈርጉሰን ሲባል ሁሉም ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ቀይ ትራክተር ነው፣ ግን ኤፍኢ 35 እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዝ ኮቨንትሪ ተሰርቶ ሲወጣ ኮፈኑና ፓራፋንጎው ግራጫ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ደሞ ነሐስ የሚመስል ቀለም ነበር። ቀዩ የመጣው በ1957 መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ምክንያቱም ማሲ ሃሪስና ፈርጉሰን የሚባሉት ሁለት ኩባንያዎች በ1953 ቢዋሃዱም ለተወሰነ ዓመት ሁለቱን ስም ለየብቻ ነበር የሚሸጡት፣ ያንን ትተው አንድ ሲያደርጉት ነው ቀለሙም የተቀየረው። እና የ56ቱን ገዝቶ ቀይ የሚለቀልቅ ሰው የትራክተሩን ዘመን የሚናገረውን ነገር አጠፋው ማለት ነው፣ እኔን ይሄ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ነው ባይ፦
ወንድሜ ንዴትህ ይገባኛል፣ ግን ትራክተሩ ፋብሪካ የቆየው ጥቂት ጊዜ ነው፣ ማሳ ላይ ግን ስንት አስርት ዓመት! ብዙዎቹን ገና ስራ ላይ እያሉ ባለቤቶቻቸው በተገኘው ቀለም ቀብተዋቸዋል፣ ቀይ ሆኖ ያረሰበት ጊዜ ታሪክ አይደለም እንዴ? ደሞስ ትክክለኛው ግራጫ የቱ ነው? ከሁለት አምራች ገዝተህ ጎን ለጎን ስታደርገው አይገጥምም። የድሮው ቀለም ፀሐይ ሲመታው ይነጣል፣ ስትዳብሰው እጅህ ላይ ዱቄት ይቀራል። እኔ በሃርድነር፣ ማለትም ተቀላቅሎ በሚያጠነክረው ፈሳሽ፣ የሚደርቅ ቀለም ቀብቼ ከላይ ክሊር የሚባለውን ቀለም አልባ ሽፋን ብነፋበት ዝናብ ላይ ቢያድርም አልሰጋም።

አይደለም ባይ፦
የቱ ግራጫ ላልከው ትራክተሩ ራሱ ይነግርሃል። ፀሐይ ያልደረሰበት ቦታ ፈልግ፣ የዳሽቦርዱን ጀርባ ወይ የባትሪውን ማስቀመጫ ስር፣ ውሃ እያስነካህ ቀስ ብለህ ፈግፍገው፣ መጀመሪያ ቀዩ ይለቃል፣ ከስሩ ግራጫው ይመጣል፣ ቀጥሎ ፀረ ዝገቱ፣ ከዛ ብረቱ። በደረቁ እንዳትፍቀው ብቻ፣ የዛ ዘመን ቀለም ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል አቧራው አደገኛ ነው። ግራጫው ላይ ስትደርስ አቁምና እሱን አሳይተህ ቀለም አስቀምም። ስለ ጥንካሬው ያልከውን እቀበላለሁ፣ ሃርድነር ያለውን ተጠቀም፣ ግን ብልጭታው የቀነሰ አይነትም አለ እኮ። የካምቢዮው ቤት በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው፣ ፋብሪካም እንደሻከረ ነው የቀባው፣ በስቱኮ ደፍነህ እንደ መስታወት ስታደርገው ጭራሽ ያልነበረ ትራክተር ነው የፈጠርከው።

ነው ባይ፦
ስቱኮው ላይ ልክ ነህ። ሃርድነር ያለው ቀለም ግን አይሶሳይናት የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል ስላለው ከውጭ ንጹህ አየር የሚያስገባ ማስክ ካልተደረገ ማንም ጓሮው ውስጥ የሚነፋው አይደለም፣ ስለዚህ ባለቤቱ ባለሙያ ጋ ነው የሚወስደው፣ ያን ሁሉ ብር ከፍሎ ቀለም መምረጥ ይከልከል?

አይደለም ባይ፦
ይምረጥ፣ ግን ቀይ ቀብቶ ኦሪጅናል ነው ብሎ አይሽጥ፣ የዳሽቦርዱን ጀርባ ደሞ ሳይነካ ይተወው፣ ነገ መመለስ የሚፈልግ ሰው ማስረጃ ያግኝ።

ነው ባይ፦
በሁለቱም ተስማማሁ። ኮፈኑ ላይ ያለውን ክሊር ግን አልተውም፣ የኔ ትራክተር ውጭ ነው የሚያድረው።