ጣሪያው ብቻ አይደለም
አንድ ጽሑፍ በኮምቦልቻ መጋዘኖች ስንዴ የሚሻግተው ጣሪያ ስለሚያፈስ ነው ይላል። ጣሪያው ደህና ሆኖም ይሻግታል። ባዶ ሲሚንቶ ላይ የተደረደረ ጆንያ ከወለሉ እርጥበት ይስባል፤ ከስሩ የእንጨት ርብራብ (ፓሌት) ያስፈልጋል፣ ከግድግዳም 1 ሜትር ያህል ይራቅ (ሰው ዞሮ እንዲያየው፣ አይጥም እንዳይደበቅ)።

የሚብሰው ግን ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ መንገድ በኮንቴይነር የሚወጣው ስንዴ ነው። በአፋር ሙቀት የዋለ ኮንቴይነር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ሲያድር ውስጡ የታፈነው እርጥብ አየር ብረቱ ላይ ውሃ ይሆንና የላይኛው ጆንያ ላይ ይንጠባጠባል። ጠዋት ተራግፎ ወዲያው ከተደረደረ የራሰው ጆንያ መሃል ይቀበራል፤ ሽታው የሚወጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ የላይኛው ረድፍ ተለይቶ ይናፈስ፣ በእርጥበት መለኪያ ይታይ፤ የስንዴው እርጥበት ከ13 በመቶ በላይ ከሆነ ከደረቁ ጋር አይደርደር።