ማስተካከያ፦ ስለ ክርስቲያኖችና የመንግሥት ሥራ

ክርስቲያን በፖለቲካ ይሳተፍ ወይስ አይሳተፍ በሚለው ያለፈው ጽሑፌ፣ "በአዲስ ኪዳን የመንግሥት ሥልጣን ይዞ የተጠቀሰ አንድም አማኝ የለም" ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ብዙዎቻችሁ ስላጋራችሁት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ትክክለኛው ከራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ይገኛል። ሮሜ 16፥23 ኤርስጦስን የከተማው ገንዘብ ኃላፊ አድርጎ ይጠቅሰዋል። በሐዋርያት ሥራ 13 አገረ ገዥው ሰርግዮስ ጳውሎስ አመነ። በምዕራፍ 8 ደግሞ የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ሹም ተጠምቆ በደስታ መንገዱን ቀጠለ። ሥራውን ተወ የሚል ነገር እዚያ የለም።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ ግን ሉቃስ 3 ነው። ቀረጥ ሰብሳቢዎችና ወታደሮች መጥምቁ ዮሐንስን "ምን እናድርግ?" ብለው ጠየቁት። ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ በላይ አትውሰዱ፣ ሰው አትበድሉ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ይህን ክፍል ጭራሽ አላነሳሁትም፤ ማንሳት ነበረብኝ።

አንድ ነገር ግን እንዳለ ነው። እንደ ተርቱሊያኖስ ያሉ የጥንት ክርስቲያን ጸሐፊዎች ሹመትን አጥብቀው ይጠራጠሩ ነበር። ያኔ ሹመት ለጣዖት ከመሠዋት ጋር የተያያዘ ስለነበር ስጋታቸው ይገባኛል።

ስለዚህ "የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አማኝ ሥራውን ይመርምር" ያልኩትን ሰርዣለሁ። በዚያ ቃል ህሊናው የተረበሸ ካለ፣ እባካችሁ ይህንንም አድርሱለት።